በጃፓን ተራሮች ፍል ውሃ መታጠብና ማደር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ መንገደኛ

ወሎ ውስጥ ፍል ውሃ የሚፈልግ ሰው ወደ ቆላ ይወርዳል። ወገቡን ያመመው ወይም ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ ከደሴ ብርድ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ሙቀት ወዳለበት አገር ዝቅ ይላል። በጃፓን ግን ስመ ጥር ከሆኑት ፍል ውሃዎች ብዙዎቹ የሚገኙት ተራራ ላይ ስለሆነ፣ መታጠብ የሚሻ ሰው በረዶ ወደሚጥልበት ከፍታ ይወጣል። ጃፓኖች ፍል ውሃውንም በዙሪያው የተመሠረተውንም መንደር «ኦንሰን» ይሉታል፤ በባህላቸው ደንብ የሚያስተናግደውን የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ «ርዮካን» ብለው ይጠሩታል።

እኔ ወደዚያ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በመጀመሪያው ለሥራ ሥልጠና፣ በሁለተኛው ደግሞ ቶኪዮ የምትኖር ልጃቸውን ለመጠየቅ የተነሡትን አክስቴን አጅቤ። ከተመለስኩ ወዲህ ለትምህርት፣ ለሥልጠና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ የአገሬ ልጆች የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ የሚገባው ራቁት ነው ወይ? ጾመኛ ምን ይበላል? ሙስሊም ሴት እንዴት ትታጠባለች? ንቅሳት ያለባት እናት ትከለከላለች ወይ? ሁሉም መልስ አላቸው፤ ነገር ግን መልሱ የሚገኘው ከቤት ከመነሣት በፊት እንጂ ገንዳው አፍ ላይ ተቁሞ አይደለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ መታጠቡ የሚናገረውን ያህል ስለ ዝግጅቱም ይናገራል።

ቦታ ስለ መምረጥ

ጃፓን ከ27,000 የሚበልጡ የፍል ውሃ ምንጮች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የኦንሰን ሕግ እንደሚለው፣ ከመሬት ሲወጣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ የሚሞቅ ውሃ፣ ወይም ሕጉ ከዘረዘራቸው 19 ንጥረ ነገሮች ቢያንስ አንዱን በተወሰነው መጠን የያዘ ውሃ ኦንሰን ይባላል። በመሆኑም ኦንሰን የተባለ ሁሉ የሚያቃጥል አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ በማዕድኑ ብቻ ስሙን ያገኘ ምንጭ አለ። የውሃው ዓይነትና የምርመራው ውጤት በየመታጠቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ስለሚሰቀል፣ ጃፓንኛ የሚያነብ ሰው አብሮዎ ካለ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘውን የጉንማና የናጋኖ ተራራማ አገር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ኩሳትሱን አስቀድማለሁ። ኩሳትሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከደሴ ግማሽ ያህል ብቻ ቢሆንም በታኅሣሥና በጥር የሚጥለው በረዶ የጦሳን ነፋስ ለምዶ ያደገን ሰው እንኳ ያንቀጠቅጣል። በከተማዋ መሐል «ዩባታኬ» የሚባል ቦታ አለ፤ ትርጉሙ «የሙቅ ውሃ እርሻ» ማለት ነው። ከምንጩ የሚፈልቀው ውሃ በረድፍ በተዘረጉ የእንጨት አሸንዳዎች ላይ እየፈሰሰ ይበርዳል፤ እንፋሎቱ ሌት ተቀን ይነሣል፤ የድኙም ሽታ ገና ከአውቶቡስ ሲወርዱ ይቀበልዎታል። በከተማዋ ካሉት ምንጮች በጠቅላላው በደቂቃ ከ32,000 ሊትር በላይ ውሃ ሳይሳብ በራሱ ኃይል ይወጣል።

የኩሳትሱ ውሃ ኮምጣጣ ነው፤ የአሲድነቱ መጠን በፒኤች ልኬት 2 ገደማ በመሆኑ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይተካከላል። ጠንካራነቱን ለመረዳት ወንዙን ማየት ይበቃል፤ ከምንጮቹ የሚወርደው ውሃ ዓሣ የማያኖርና ብረትንም ሲሚንቶንም የሚበላ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በውሃ እየተበጠበጠ ያለማቋረጥ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ይህንን የምነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም፤ ከታች ስለ ዓይን፣ ስለ ቁስልና ስለ ብር ጌጥ የምሰጠው ምክር ከዚህ ስለሚነሣ ነው። ከምንጩ ሲወጣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሰው ወዲያው ሊገባበት አይችልም። ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምሩበት ማዕድኑ ይቀጥናል ብለው ስለሚያምኑም፣ ከጥንት ጀምሮ 1.8 ሜትር በሚያህል ረጅም ሳንቃ እያማሰሉ ያበርዱታል። «ዩሞሚ» የሚባለው ይህ ሥራ ዛሬ ለእንግዶች በዜማ ታጅቦ ይቀርባል፤ ጊዜ ካለዎ ይመልከቱት።

ወደ ኩሳትሱ ለመድረስ ከቶኪዮው የኡዬኖ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዘው ናጋኖሃራ-ኩሳትሱጉቺ በሚባለው ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ አውቶቡሱ 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአየር ለሚመጣው መንገደኛ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቾን በኩል በቶኪዮ አጠገብ ወዳለው የናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ይበራል፤ ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ ያለውንም በአውሮፕላን ማድረግ ይቻላል። ቪዛውን ግን አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ አስቀድመው መጨረስ ይኖርብዎታል።

ከኩሳትሱ ሌላ በናጋኖ ክፍለ አገር ሁለት መንደሮችን እጠቅሳለሁ። ሺቡ ኦንሰን በድንጋይ የተነጠፈ ጠባብ መንገድ ያላት መንደር ስትሆን፣ ዘጠኝ የሕዝብ መታጠቢያዎች አሏት፤ በማረፊያዎቿ ያደረ እንግዳ ቁልፍ ይሰጠውና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይታጠባል። በአቅራቢያዋ በሚገኘው ጂጎኩዳኒ በብርዱ ወራት የዱር ዝንጀሮዎች ፍል ውሃ ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ኖዛዋ ኦንሰን ደግሞ 13 የሕዝብ መታጠቢያዎች አሏት። እነዚህን የሚያጸዱትና የሚጠብቁት የየሰፈሩ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ስለሆነ፣ እኔ ሳየው የወሎን ቅሬ አስታወሰኝ፤ አንዱ ቤት ተራውን ካጓደለ የሌላው ቤት ሥራ ይከብዳል። መግቢያ ክፍያ የለም፤ በር ላይ ግን የሳንቲም ሣጥን ተቀምጧል፤ ሳይጥሉ ማለፍ አይገባም። በዚያው መንደር 90 ዲግሪ የሚደርስ ምንጭ አለ፤ የመንደሩ ሰዎች ጎመን ይቀቅሉበታል፤ እንግዳ ግን እንዳይጠጋው የተከለለ ነው።

ይህ አገር እሳተ ገሞራ ያለበት መሆኑም አይዘንጋ። ከኩሳትሱ በላይ ያለው የሺራኔ ተራራ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፈንድቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ ወደ ተራራው አናት የሚወስዱ መንገዶች አልፎ አልፎ ስለሚዘጉ፣ ከከተማው ወጥተው መውጣት ካሰቡ የዕለቱን ማስጠንቀቂያ ማረፊያዎን ይጠይቁ።

ቦታ ሲይዙ መናገር ያለብዎት

ርዮካን ሲይዙ ዋጋው የሚሰላው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። መካከለኛ በሆነ ማረፊያ እራትና ቁርስን ጨምሮ ለአንድ ሰው ከ15,000 እስከ 25,000 የን ይጠይቃሉ፤ ለሁለት ሰው እጥፍ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ 150 የን የሆነ የመታጠቢያ ግብር በነፍስ ወከፍ ይጨመራል። ትንንሽ ማረፊያዎች ካርድ የማይቀበሉበት ጊዜ ስላለ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም፤ ገንዘቡን እጃቸው ላይ ቢያደርጉ ያሳፍሯቸዋል እንጂ አያስደስቷቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አዎን፣ ወደ ገንዳው የሚገባው ራቁት ነው፤ የዋና ልብስም አይፈቀድም። ወንድና ሴት በአብዛኛው ለየብቻ ይታጠባሉ፤ ሆኖም ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ሆኖም ቢሆን ገላን ማሳየት ለብዙ የእኛ አገር ሰው የሚከብድ ነገር ነው። ሙስሊም ወንድና ሴት አውራቸውን፣ ማለትም ከሰው ዓይን መሰወር ያለበትን ገላቸውን፣ የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፤ በጨዋነት ያደገ ክርስቲያንም ቢሆን ከማያውቀው ሰው ፊት ራቁቱን መቆም ይቀፈዋል። ለዚህ መፍትሔው «ካሺኪሪ» ነው፤ ይኸውም ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ በርዎን ቆልፈው ብቻዎን ወይም ከቤተሰብዎ ጋር የሚታጠቡበት የግል ገንዳ ማለት ነው። በአንዳንዱ ማረፊያ በነጻ ይሰጣል፤ በሌላው ይከፈልበታል። በረንዳው ላይ የራሱ ገንዳ ያለው ክፍልም አለ፤ ውድ ነው፤ ነገር ግን ለአዛውንት ወላጅ ወይም ለሙሽሮች ከዚያ የተሻለ አላየሁም። ማረፊያው ካሺኪሪ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

ንቅሳት ሁለተኛው ጉዳይ ነው፤ ይህም ከማንም ይበልጥ የእኛን እናቶች ይመለከታል። በጃፓን ሰውነትን መነቀስ ለብዙ ዘመን ከወንጀለኛ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለኖረ፣ በርካታ መታጠቢያዎች ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም። ግንባር ላይ ያለ መስቀል ወይም አንገት ላይ ያለ ውቅራት የእምነትና የውበት ምልክት መሆኑን በር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኒውዚላንድ የመጡ አንዲት የማኦሪ (የዚያች አገር ነባር ሕዝብ) እናት በባህላቸው ደንብ ፊታቸው ላይ በተነቀሱት ምክንያት በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ ከአንድ መታጠቢያ ተመልሰው ነገሩ በጃፓን ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። አክስቴም አንገታቸውና ግንባራቸው ላይ ንቅሳት አለባቸው። በአንድ የሕዝብ መታጠቢያ በር ላይ ሠራተኛዋ አጎንብሳ ይቅርታ እየጠየቀች መለሰቻቸው፤ አክስቴ አንድ ቃል ሳይናገሩ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ተመለሱ፤ እኔ ግን አስቀድሜ ባለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ ያረፍንበት ርዮካን ካሺኪሪ ስለነበረው ያለ ምንም ችግር ታጠቡ። ስለዚህ ቦታ ሲይዙ «በባህላችን የተነቀሱ እናት አብረውኝ አሉ፤ ትልቁ ገንዳ ይፈቀድላቸዋል ወይ? ካልሆነስ የግል ገንዳ አለ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጻፉ። ትንሽ ንቅሳት በቆዳ ቀለም ፕላስተር ሸፍኖ መግባት የሚፈቅዱ ቤቶችም አሉ፤ ፕላስተሩ ግን ለጥቁር ቆዳ የተሠራ ስለማይሆን ከአገር ቤት ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። የርዮካን እራት ብዙ ትንንሽ ሳህኖች ተከታትለው የሚቀርቡበት ሲሆን፣ ለዕለቱ እንግዶች ብዛት ተለክቶ ቀደም ብሎ ስለሚሰናዳ ማምሻውን «ይህን አልበላም» ማለት አይቻልም። ጾመኛው መጠንቀቅ ያለበት ከሥጋው ይልቅ ከመረቁ ነው። የአትክልቱ ወጥም፣ የአኩሪ አተሩ ሾርባም፣ አንዳንዴ ጎመኑም ሳይቀር የሚሠራው «ዳሺ» በተባለ መረቅ ነው፤ ዳሺ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። ስለዚህ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ አልበላም» ከማለት አልፈው «የዓሣ መረቅም አይግባበት» ብለው ይጨምሩ። የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡት «ሾጂን ርዮሪ» የተባለ የአትክልት ምግብ ስላለ፣ ያንን ስም ከጠቀሱ ምን እንደሚፈልጉ ቶሎ ይገባቸዋል። ሙስሊሙ ደግሞ ከአሳማና ሐላል ሆኖ ካልታረደ ሥጋ ሌላ፣ ወጥ ውስጥ የሚጨመሩትን ሚሪን የተባለ ጣፋጭ የሩዝ መጠጥና ሳኬ የተባለውን የሩዝ አልኮል በስማቸው ጠርቶ መከልከል አለበት፤ ምግብ አብሳዩ እነዚህን እንደ ቅመም እንጂ እንደ አልኮል ስለማያያቸው ካልተነገረው አይተዋቸውም። ትንሽ ማረፊያ «አንችልም» ቢልዎት አይከፉ፤ ያለ ምግብ ማደሪያውን ብቻ ይያዙ። ይህ «ሱዶማሪ» ይባላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለሳምንታት ተቀምጦ መታከም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ በተለይ በሰሜናዊው የቶሆኩ ተራሮች፣ እንግዳው ራሱ የሚያበስልባቸው ጥንታዊ ማረፊያዎች አሉ። ቋንጣ ግን ሻንጣዎ ውስጥ እንዳያስገቡ፤ ጃፓን የሥጋ ውጤት ይዞ መግባትን በጥብቅ ትከለክላለች።

ማረፊያው ሲደርሱ

የእነሱ የሰዓት አቆጣጠር ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ አስበው ይያዙ። እንግዳ መቀበል የሚጀምሩት ብዙ ጊዜ 15፡00 ሲሉ ነው፤ ይህ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እራት 18፡00 ማለት ምሽት 12 ሰዓት፣ ለቅቆ መውጫው 10፡00 ማለት ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። እነዚህ ሰዓቶች አይሸራረፉም። በመጀመሪያው ጉዞዬ ማታ 2 ሰዓት ላይ በመድረሴ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ፣ የከፈልኩበትን እራት ሳልበላ አድሬያለሁ፤ የዘገየሁት እኔ ስለነበርኩ ቅሬታ የማቀርብበት ምክንያትም አልነበረኝም። መዘግየትዎ ካልቀረ ከጣቢያው ሆነው ስልክ ያስደውሉ።

በር ላይ ጫማዎን ያወልቁ፤ ይህ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ለሚሄድ የወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በኮሪደሩ የሚሄዱበት ነጠላ ጫማ ይሰጥዎታል፤ ነገር ግን «ታታሚ» በተባለው ከሣር በተሠራ ምንጣፍ ላይ በእሱም ቢሆን መርገጥ ነውር ነው፤ በባዶ እግር ወይም በካልሲ ይግቡ። ባለ ጎማ ሻንጣዎንም አንሥተው ይግቡ እንጂ አይጎትቱት። የመጸዳጃ ቤቱ ነጠላ ጫማ ሌላ ነው፤ እሱን ተጫምተው ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጡ። ክፍሉ ባዶ መስሎ ከታየዎት አይደንግጡ፤ ፍራሹን፣ ማለትም «ፉቶን»ን፣ እራት ላይ ሳሉ ሠራተኞች ገብተው ያነጥፉታል። ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ወለል ከታታሚው የተሻለ አይገኝም፤ ቂብላው ከዚያ አገር ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው።

«ዩካታ» የሚባል ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ተጣጥፎ ይጠብቅዎታል። ወደ መታጠቢያው ሲሄዱም፣ ለእራት ሲቀርቡም፣ በመንደሩ ሲዘዋወሩም ይለበሳል። ሲለብሱ የግራው ጠርዝ ከላይ ሆኖ በቀኙ ላይ ይደረብ። ቀኙን ከላይ ማድረግ ለሬሳ ብቻ የሚደረግ ነው። በሐዘን ቀን የነጠላ አለባበስ እንደሚለወጥ የሚያውቅ ሰው ይህ ስሕተት ያየውን ሁሉ ለምን እንደሚያስደነግጥ ለመረዳት አይቸገርም።

ገንዳው ውስጥ ከመግባትዎ በፊትና ከገቡ በኋላ

ከክፍልዎ ሳይወጡ የብር ጌጥዎን ሁሉ ያውልቁ። የአንገት መስቀል፣ የብር አልቦ፣ ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ ድኝ ያለበት ውሃ ወይም እንፋሎቱ ብቻ ከነካቸው ይጠቁራሉ። ክፍሉ ውስጥ ካዝና ካለ እዚያ ይቆልፉባቸው።

የመታጠቢያው በር ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ሰማያዊው ለወንድ፣ ቀዩ ለሴት መሆኑ የተለመደ ነው፤ ግን በቀለም ብቻ አይተማመኑ። የወንድ ምልክት የሆነው ፊደል ከላይ በመስቀል ለአራት የተከፈለ መስኮት ይመስላል፤ የሴቷ መስኮት የለውም። ብዙ ማረፊያዎች ሁሉም እንግዳ ሁለቱንም ገንዳዎች እንዲያገኝ በማለት ሌሊት የወንዱንና የሴቱን ቦታ ያለዋውጣሉ። ማታ የገቡበት በር ጠዋት የሌላው ጾታ ሊሆን ስለሚችል ሁልጊዜ መጋረጃውን አንብበው ይግቡ።

ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ሁሉንም አውልቀው ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጡ። ስልክ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይፈቀድም። ትልቁን ፎጣ እዚያው ትተው ትንሿን ብቻ ይያዙ፤ እሷን ከፊት ለፊትዎ ይዘው ቢራመዱ ነውር የለውም፤ ጃፓኖችም የሚያደርጉት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ገንዳው ሰውነት የሚታጠቡበት አይደለም፤ ታጥቦ የነጻ ሰው የሚቀመጥበት ነው። ውሃው የሁሉም ነው፤ የአንዱ እድፍ ለሌላው ይደርሳል። በግድግዳው ዳር በተደረደሩት ሻወሮች ፊት እንደ ዱካ ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች አሉ። ተቀምጠው ይታጠቡ፤ ቆመው ቢታጠቡ ውሃው ጎረቤትዎ ላይ ይረጫል። በሳሙና ከራስ እስከ እግር በደንብ ታሽተው አረፋው አንድም ሳይቀር ይለቅለቁ፤ ዱካውንና ጣሳውንም አለቅልቀው ለሚቀጥለው ሰው ይመልሱ። እህቶቼ ሆይ፣ ፀጉራችሁን ቅቤ የተቀባችሁ እንደሆነ ሳይታጠብና ሳይለቅ ገንዳው አጠገብ አትድረሱ፤ ቅቤው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ሹሩባም ሆነ የተፈታ ፀጉር ውሃ እንዳይነካ ወደ ላይ ጠቅልላችሁ እሰሩት። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከጋራ ገንዳው ትቆያለች።

እንደ ኩሳትሱ ነጻ የሕዝብ መታጠቢያዎች ባሉ ጥንታዊ ቤቶች ሻወርም ሳሙናም ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ሰውነትዎን ውጭ ላይ ያጥባሉ። ሻወር ባለበትም ቢሆን «ካኬዩ» የሚሉት ልማድ አይቀርም፤ ከገንዳው እየቀዱ መጀመሪያ እግርዎ ላይ፣ ከዚያ ወገብዎ ላይ፣ ኋላ ትከሻዎ ላይ ያፈስሳሉ። ይህ ከንጽሕናው ሌላ ገላን ከሙቀቱ ጋር የሚያለማምድ በመሆኑ፣ በተለይ አረጋውያን ፈጽሞ እንዳይዘሉት። ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ በድንገት ሙቅ ውሃ ውስጥ መግባት የደም ግፊትን ያናጋል፤ በጃፓን በብርዱ ወራት በዚህ ምክንያት ሕይወታቸው የሚያልፍ አዛውንቶች ጥቂት አይደሉም።

ከዚያ ቀስ ብለው ይግቡ። አይዝለሉ፣ አይዋኙ፣ ገላዎን ውሃው ውስጥ አይሹት። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትገባም፤ አጣጥፈው አናትዎ ላይ ወይም ገንዳው ዳር ያኑሯት። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ጨዋታ አይከለከልም፤ ጩኸት ግን የሰውን ዕረፍት ይነሣል። ብዙው ገንዳ ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ነው፤ ኩሳትሱና ኖዛዋ ላይ ግን ከ44 የሚያልፍ ያጋጥማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይበቃል። ወጥተው ይቀመጡ፤ ይረፉ፤ ከፈለጉ እንደገና ይግቡ። ልብ ደከም የሚለው ሰው ውሃው ከደረቱ እንዳያልፍ አድርጎ ይቀመጥ። በኮምጣጣው ውሃ ፊትዎን አይታጠቡ፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ቁስል ወይም አዲስ የተላጨ ቆዳም እንዲሁ። ገላጣ ሰማይ ሥር ያለው ገንዳ «ሮተንቡሮ» ይባላል። በረዶ እየጣለ፣ ራስ እየበረደው ገላ ሲሞቅ የሚሰማው ስሜት ከዚህ ሁሉ ጉዞ የቀረልኝ ትልቁ ትዝታ ነው።

መስኮት ወይም የአየር ማስወጫ ተከፍቶ ካገኙ፣ ብርድ ቢገባም አይዝጉት። ከድኝ ውሃ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ይመርዛል፤ ክፍተቱ የተተወው ታስቦበት ነው።

ሲወጡ ውሃውን በትንሿ ፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ልብስ ክፍሉ ይለፉ፤ ወለሉን ማራስ ያስወቅሳል። ለስለስ ያለ ውሃ ከሆነ ማዕድኑ ቆዳ ላይ እንዲቀር ሳይለቀለቁ መድረቅ ይመከራል፤ እንደ ኩሳትሱ ያለው ጠንካራ ውሃ ከሆነና ቆዳዎ ስስ ከሆነ ግን በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ። ከዚያ ውሃ ወይም ሻይ ጠጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፉ። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መግባት ይበቃል። መጠጥ ጠጥቶ፣ ወይም ከእራት እንደተነሡ ወዲያው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ጾሞ ሳያፈጥሩ መግባት አደገኛ ነው፤ በረመዳንና በዐቢይ ጾም የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ይብላ፣ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ይታጠብ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከአገሩ ሳይወጣ ሐኪሙን ያማክር። እርግዝና እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ ከሚከለከሉት ተርታ ይጠቀስ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ቢሆንም የሚያንሸራትት ወለልና በጣም የሚያቃጥል ገንዳ ለነፍሰ ጡር እንደማይበጅ ግልጽ ነው። ፍል ውሃው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምን ያስታግሣል፤ መድኃኒት ያስተዋል ማለት ግን አይደለም፤ የሚወስዱትን ክኒን እንዳያቋርጡ።

የመጨረሻው ጠዋት

ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ብዙው እንግዳ ተኝቶ ስለሚሆን ትልቁን ገንዳ ብቻዎን ሊያገኙት ይችላሉ፤ ከሰው ፊት መታጠብ የከበደው ሰው ይህን ሰዓት ይምረጥ። አስቀድሞ መጋረጃውን ማንበብ እንዳይረሳ። ከቁርስ በኋላ ዩካታውን አጣጥፈው ፉቶኑ ላይ ይተዉት፤ ፉቶኑን ራስዎ ማንሣት አይጠበቅብዎትም። ትንሿ ፎጣ የማረፊያው ስም የታተመባት ከሆነች ብዙ ጊዜ ለእንግዳው የተሰጠች ናት፤ ጠይቀው ይውሰዷት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ሒሳብዎን ዘግተው ሲወጡ፣ ካዝናው ውስጥ የቆለፉባትን የብር መስቀል ወይም ቀለበት ማውጣትዎን ያረጋግጡ፤ ወደ ጣቢያው የሚወርደው አውቶቡስ ከተነሣ በኋላ ለመመለስ ቀጣዩን መጠበቅ ግድ ይሆንብዎታል።